2147483647፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ለሱቆችና ለክሊኒኮች የደንበኛ መዝገብ የሚይዙ ፕሮግራሞችን እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። የሚገርመው፣ ከሁለቱም ወገን ስለ አንድ ቁጥር ነው የምጠየቀው። ቀን ላይ ባለሱቁ "ይሄ ቁጥር ከየት መጣብኝ?" ይላል፣ ማታ ተማሪው "ብቸኛ ቁጥር ነው የሚሉት እውነት ነው?" ይላል። በየቴሌግራሙ መልሶ መላልሶ ከመጻፍ ብዬ እዚህ አንድ ላይ አስቀመጥኩት።

የደንበኞቼ ስልክ ቁጥር ሁሉ 2147483647 ሆነብኝ። ቫይረስ ነው?

ኧረ አይደለም። ሰው እጁን አላስገባበትም፣ ቫይረስም የለም። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው የስልክ ዓምዱን "ቁጥር ነው" ብሎ አስመዝግቦታል፣ በቃ ችግሩ ይሄ ነው።

አንድ የድሬ ስልክ በ251 ጀምራችሁ ስትጽፉት 12 አሃዝ ይሆናል። ሞባይልም ይሁን በ025 የሚጀምረው የቤት ስልክ ለውጥ የለውም፣ ዜሮው ወጥቶ 251 ሲገባ 12 ነው። ዓምዱ ግን መያዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2147483647 ነው፣ ያ ደግሞ 10 አሃዝ ነው። እንደ ማይኤስኪውኤል ያለው ዳታቤዝ (መረጃው የሚቀመጥበት ፕሮግራም) ጥብቅ ቁጥጥሩ ካልተከፈተለት "አልችልም" ብሎ አይመልስላችሁም። ዝም ብሎ የሚችለውን ትልቁን ቁጥር ይጽፍና ይቀጥላል። ሁለተኛው ደንበኛ ሲመጣ ያንኑ፣ ሦስተኛው ሲመጣ ያንኑ። ጠዋት ዝርዝሩን ስትከፍቱት መቶ ሰው በአንድ ስልክ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ።

የጠፋው ስልክ ከዚያ ቁጥር ውስጥ ተፈልቅቆ አይወጣም። ብዙ ሰው "እስቲ መልስልኝ" ይለኛል፣ የሚመለስ ነገር የለም፣ ምክንያቱም የተጻፈው ከመጀመሪያውም የደንበኛው ስልክ አልነበረም። ደብተር ላይ የያዛችሁት ካለ ከዚያ ትገለብጣላችሁ። ወደፊት ግን ስልክ እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ። ስልክ አይደመር፣ አይቀነስ፣ ቁጥር የሚያደርገው ነገር የለም። እንደ ቁጥር ከተቀመጠ ደግሞ 251 ባትጽፉበት እንኳ ከ9 ፊት ያለችው ዜሮ ትበላለች።

እንዴት ነው የሚነበበው?

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። አንዴ በትንፋሽ ሞክሩት።

በግዕዝ ቁጥር የጠየቀኝ አንድ ተማሪ አለ፣ ጥያቄውን ወድጄዋለሁ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ የሚሄደውም በሦስት ሦስት ሳይሆን በሁለት ሁለት አሃዝ ነው። ስለዚህ ከቀኝ ጀምራችሁ ቆራርጡት፦ 21፣ 47፣ 48፣ 36፣ 47። ከዚያ በየመሐሉ ፼ እና ፻ እየተፈራረቁ ይገባሉ። ውጤቱ ፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯ ነው። ፼ ከፊቱ ያለውን ሁሉ በአሥር ሺህ ያበዛል፣ ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ ቢሊዮን ላይ የሚያደርሰው።

ለምን ድፍን ሁለት ቢሊዮን አልሆነም? ይሄን ዝብርቅርቅ ቁጥር ማን መረጠው?

ማንም አልመረጠውም፣ ስሌቱ ነው ያመጣው። ዝብርቅርቅ የሚመስለውም እኛ በአሥር ስለምንቆጥር ነው።

ኮምፒውተር የሚቆጥረው በሁለት ነው፣ ወይ 0 ወይ 1። አንዷ ቦታ ቢት ትባላለች። የተለመደው ድፍን ቁጥር 32 ቢት ይሰጠዋል። ከ32ቱ አንዷ ለምልክት ትሄዳለች፣ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ትይዛለች። 31 ቢት ቀረ። 31 ቦታ ላይ 0 እና 1 በመደርደር 2 በራሱ 31 ጊዜ ተባዝቶ የሚሰጠውን ያህል፣ ማለትም 2,147,483,648 የተለያየ ነገር መጻፍ ይቻላል። ከእነዚህ አንዱ ዜሮ ራሱ ነው። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ከዚያ በአንድ ያንሳል፦ 2,147,483,647።

በኮምፒውተሩ አጻጻፍ ብታዩት 31 አንዶች በተርታ ተሰልፈው ነው የምታገኙት። ከዚያ የበለጠ ድፍን ቁጥር ከየት ይመጣል?

አንድ ሲጨመርበት ምን ይሆናል?

እንደ ፕሮግራሙ ነው። ቅድም እንዳየነው ዳታቤዝ እዚያው ላይ ሊቆም ይችላል። አንዳንዱ ፕሮግራም ስህተት ብሎ ይቆማል። ብዙውን ጊዜ ግን ቁጥሩ ይገለበጣል። የድሮ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 99999 ሞልቶ ወደ 00000 እንደሚዞረው ማለት ነው፣ ልዩነቱ እዚህ የሚዞረው ወደ ዜሮ ሳይሆን ወደ መጨረሻው ታች፣ ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ላይ መሆኑ ነው። የጨመርከው አንድ ብቻ፣ የወረድከው ከአራት ቢሊዮን በላይ።

እሺ፣ ወደ ሒሳቡ እንግባ። እውነት ብቸኛ ቁጥር ነው?

አዎ። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ከ2 ጀምራችሁ ብቸኛ ቁጥሮችን ብትቆጥሩ 105,097,565ኛው እሱ ነው።

በምን ታወቀ? በኮምፒውተር ነው?

አይደለም፣ ይሄ ነው ደስ የሚለው። በ1772 እ.ኤ.አ. ነው የታወቀው። ያረጋገጠው የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፣ ለዳንኤል በርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ አሳውቆታል። በዚያን ጊዜ ኦይለር ዓይኑ ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም። እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አካሄዱ ጎበዝ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሊከተለው የሚችል ነው።

ተራው መንገድ የታወቀ ነው። የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ፈልግ፣ ከዚያ በታች ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አካፍል፣ አንዱም ካልገባበት ብቸኛ ነው። የኛ ቁጥር ስኩዌር ሩት 46,340 ከምናምን ነው። ከዚያ በታች 4,792 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። አሥር አሃዝ ቁጥርን 4,792 ጊዜ በእጅ ማካፈል... እንኳን ዓይኑ ለደከመ ሰው ለማንም አይመኙለትም።

ኦይለር አብዛኞቹን ሳይነካቸው ጣላቸው። እንዲህ አስቡት። ይሄን ቁጥር የሚያካፍል አንድ ብቸኛ ቁጥር አለ እንበል። ያ ማለት 2 በራሱ 31 ጊዜ ተባዝቶ ለዚያ አካፋይ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ያወጣው ሕግ ደግሞ 2 "ከአካፋዩ በአንድ የሚያንስ" ጊዜ ሲባዛም ቀሪው 1 ነው ይላል። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ሁለቱ የሚታረቁት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ከአካፋዩ ላይ አንድ ስትቀንሱ የሚቀረው በ31 መካፈል አለበት። በዚህ ብቻ ከሠላሳ ሃያ ዘጠኙ ያህል ወደቁ።

ሁለተኛው ወንፊት ይከተላል። 2 በራሱ 31 ጊዜ ተባዝቶ ቀሪው 1 ከሆነ 32 ጊዜ ሲባዛ ቀሪው 2 ነው። 32 ጊዜ የተባዛው ደግሞ 16 ጊዜ የተባዛው በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ በዚያ አካፋይ ዓለም ውስጥ፣ ማለትም ቀሪውን ብቻ ስናይ፣ 2 የአንድ ቁጥር ስኩዌር ይሆናል ማለት ነው። ይሄ የሚሆነው አካፋዩ ከ8 ብዜት በአንድ ሲበልጥ ወይም በአንድ ሲያንስ ብቻ ነው። ሁለቱን ወንፊቶች አንድ ላይ ስታደርጓቸው የሚተርፉት ከ248 ብዜት በ1 ወይም በ63 የሚበልጡ ብቻ ናቸው።

እስቲ ከታች እንጀምር። 249 ይመጣል፣ 3 ይገባበታል፣ ብቸኛ አይደለም፣ ጣሉት። 311 ይመጣል፣ እሱ ብቸኛ ነው፣ አካፍሉ፦ 6,905,092 ጊዜ ገብቶ 35 ይቀራል። አልሆነም። 497 የ7 እና የ71 ብዜት ነው። 559 የ13 እና የ43 ነው። እንዲህ እያላችሁ ስትሄዱ ቀጣዩ ብቸኛ 1303 ነው፣ ቀሪው 226። ከዚያ 1489፣ ከዚያ 2543። እስከ 46,340 ድረስ የሚመጡት በሙሉ ከመቶ በታች ናቸው። 4,792 የነበረው ሥራ ከመቶ በታች ሆነ። አንዱም አልገባም። አለቀ።

ልጆቹን ሳስጠና ይሄን ክፍል ሳልዘለው የማልፈው ለዚህ ነው፣ ሒሳብ የምትለዋ ነገር ማካፈል ማብዛት የሚመስላቸው ብዙ ናቸውና ኦይለር ግን አብዛኛውን ማካፈል የቀረለት አስቀድሞ በማሰቡ ነው።

ኮምፒውተር ይሄን ቁጥር የሚጠቀመው ብቸኛ ስለሆነ ነው?

አይደለም! ይሄን አንድ ሰው ብቻ ቢያስታውስልኝ ደስ ይለኛል። ወሰን መሆኑና ብቸኛ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ይሄኛው ቁጥር ላይ በአጋጣሚ ተገናኙ። ሌሎቹን ወሰኖች እዩዋቸው።

በ8 ቢት ትልቁ 127 ነው፣ ብቸኛ ነው። በ16 ቢት ትልቁ 32,767 ነው፣ 7 ሲባዛ 31 ሲባዛ 151 ነው፣ ብቸኛ አይደለም። በ32 ቢት የኛው ቁጥር፣ ብቸኛ። በ64 ቢት ደግሞ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፣ እሱን 7 እንኳን ሁለት ጊዜ ያካፍለዋል። የምልክቷን ቢት ትታችሁ 32ቱንም ለቁጥሩ ብትሰጡ 4,294,967,295 ታገኛላችሁ፣ መጨረሻው 5 ስለሆነ ሳታሰሉም ብቸኛ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ይሄኛው ግን አካፋዮቹ ያምራሉ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537።

2ን ብቸኛ ቁጥር ያህል ጊዜ አብዝቼ አንድ ብቀንስ ሁልጊዜ ብቸኛ አገኛለሁ?

ብዙ ተማሪ እዚህ ይወድቃል። 2፣ 3፣ 5 እና 7 ላይ ይሠራል፦ 3፣ 7፣ 31፣ 127 ይሰጣሉ። 11 ላይ ስትደርሱ 2,047 ይመጣል፣ እሱ 23 ሲባዛ 89 ነው። ስለዚህ ጊዜው ብቸኛ መሆኑ ግድ ነው፣ ግን አይበቃም።

እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በማራን ሜርሰን ስም ይጠራሉ። በ1644 እ.ኤ.አ. እስከ 257 ድረስ የትኞቹ እንደሚሠሩ ዝርዝር አወጣ፣ 31ንም አስገብቶታል። ዝርዝሩ ግን ንጹሕ አልነበረም። 67ን እና 257ን ያለቦታቸው አስገባ፣ 61ን፣ 89ን እና 107ን ዘለለ። የ67ቱ አካፋዮች ለዓለም የታዩት በ1903 እ.ኤ.አ. ነው፣ አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዝቶ አሳየ። በሜርሰን ብዙም አትፍረዱ፣ ያለ ማሽን ነው።

የኛ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። 31 ራሱ የሜርሰን ቁጥር ነው፣ 2 አምስት ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስ። ስለዚህ 2147483647 ሜርሰን በሜርሰን ላይ ነው። "እንግዲህ 2ን 2147483647 ጊዜ አብዝተን አንድ ብንቀንስስ?" ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። አይሆንም፣ ብቸኛ አይደለም። 295,257,526,626,031 ያካፍለዋል። እንደ ኦይለር ወንፊት ከዚህ አካፋይ ላይ አንድ ቀንሳችሁ ለ2147483647 ብታካፍሉ 137,490 ድፍን ይወጣል።

ጎረቤቶቹስ?

በአንድ የሚበልጠው 2 ብቻ ነው፣ 31 ጊዜ። በአንድ የሚያንሰው ደግሞ ተበጣጥሶ አያልቅም፦ 2 ሲባዛ 3 ሲባዛ 3 ሲባዛ 7 ሲባዛ 11 ሲባዛ 31 ሲባዛ 151 ሲባዛ 331። ከላይ የሚቀርበው ብቸኛ ቁጥር 2,147,483,659፣ ከታች የሚቀርበው 2,147,483,629 ነው።

"ፍጹም ቁጥር" የሚባለው ነገር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ፍጹም ቁጥር ማለት ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡ ቁጥር ነው። 6 ለምሳሌ፣ 1 እና 2 እና 3። 28ም እንዲሁ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14። አንድ የሜርሰን ብቸኛ ቁጥር በተገኘ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር አብሮ ይወለዳል፣ ይሄን የጥንቱ የግሪክ ሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ አሳይቷል። በ7 በኩል የመጣው 28 ነው፣ 4 ሲባዛ 7። በኛ ቁጥር በኩል የሚመጣው 2,305,843,008,139,952,128 ነው፣ 19 አሃዝ፣ በቅደም ተከተል ስምንተኛው።

ፒተር ባርሎ የተባለ እንግሊዛዊ በ1811 እ.ኤ.አ. ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም እንደማይገኝ ጽፏል። ምክንያቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ለወሬ እንጂ ለጥቅም ስለማይሆን ማንም አይደክምበትም የሚል ነበር። ዛሬ ከ50 በላይ ይታወቃሉ። ጥቅም የለውም የተባለው ቁጥር ታናሽ ወንድሙ ደግሞ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

2030 ዓ.ም. ላይ ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል የሚሉት ምንድን ነው?

ሁሉም አይቆምም። ግን ነገሩ ተረት አይደለም፣ በኛ አቆጣጠር ስታዩት ደግሞ ቀኑ ያስገርማል።

ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚይዙት ከአንድ መነሻ ጀምረው ሰከንድ በመቁጠር ነው። መነሻው ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስካሁን ይቆጥራል። ቆጠራው በ32 ቢት ከተያዘ 2147483647 ላይ ቦታው ይሞላል። ይሄን ያህል ሰከንድ 68 ዓመት ከጥቂት ቀን ነው።

የምትሞላው ሰከንድ በዓለም አቀፍ ሰዓት ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ 3፡14፡07 ላይ ናት። ወደኛ ስትመልሱት ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። አዎ፣ ጥምቀት ነው። ከከተራ ጀምሮ ታቦታቱ ባደሩበት ሕዝቡ ጸበል ሊረጭ በሚጋፋበት ንጋት፣ ያልታደሰ ማሽን ካለ የዚያን ሰዓት ይገለበጣል።

ወዴት? ከመነሻው በፊት ወዳለው ጊዜ፣ ወደ ዲሴምበር 13 ቀን 1901 እ.ኤ.አ.። በኛ አርብ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ከተማዋም በዚያው ነው መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ የተቆረቆረችው። ስለዚህ ያ ማሽን ቀኑን ሲያነብ ድሬዳዋ ገና የለችም።

አዲስ ስልክና አዲስ ኮምፒውተር ጊዜን በ64 ቢት ስለሚቆጥር ችግር የለበትም። የሊኑክስ ሰዎች በ32 ቢት ማሽን ላይ እንኳን እንዲሠራ በ2020 እ.ኤ.አ. አስተካክለውታል። የሚያሳስበው ተገጥሞ የተረሳ ዕቃ ነው፦ የበር መቆጣጠሪያ፣ የቆየ የካሜራ መቅጃ፣ የፋብሪካ ማሽን፣ ማንም ሶፍትዌሩን የማያድስለት ነገር። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያገለገለ መቅጃ ስትገዙ ቀኑን ወደ 2039 እ.ኤ.አ. ለመቀየር ሞክሩ። እምቢ ካለ ችግሩ አለበት ማለት ነው። ብዙ የቆዩ አንድሮይድ ስልኮችም ቀን ማስተካከያቸው 2037 ላይ ይቆማል።

እና ደግሞ ችግሩ እስከዚያ ቀን ላይጠብቅ ይችላል። የሃያ ዓመት ብድር ወይም የውል ማብቂያ ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም ዛሬውኑ ወሰኑን ያልፋል።

አውሮፕላን ላይ ደርሶ ነበር የሚባለውስ?

በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ስለ ቦይንግ 787 ድሪምላይነር መመሪያ አውጥቶ ነበር። የአውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ማመንጫ መቆጣጠሪያዎች ሳይጠፉ 248 ቀን በተከታታይ ከቆዩ የውስጥ ቆጣሪያቸው ሞልቶ ኃይል ሊያቋርጡ ይችላሉ የሚል። 2147483647ን በመቶኛ ሰከንድ ቁጠሩት፣ 248 ቀን ተኩል ይወጣል። ስሌቱ ራሱ ይናገራል። በሚሊ ሰከንድ ከሆነ ደግሞ 24 ቀን ከ20 ሰዓት ገደማ ነው፣ ስለዚህ በየ25 ቀኑ ግራ የሚያጋባ ማሽን ካያችሁ እዚያ ፈልጉ።

ጊዜያዊ መፍትሔው ምን ነበር? አጥፍቶ ማብራት። እኛም የምናደርገው ያንኑ ነው አቦ። በኋላ ሶፍትዌሩ ተስተካክሏል።

ዩቲዩብንም ነክቶታል?

በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድ ዓለምን ያስጨፈረ የኮሪያ ዘፈን ተመልካቹ ወደዚህ ቁጥር ተጠጋ። ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሳደገው።

ሱቄ ውስጥ ብር በዚህ ቁጥር ቢያዝ ችግር አለው?

በብር ከቆጠራችሁ ሁለት ቢሊዮን ብር ያላት ሱቅ ብዙ አላውቅም። ግን ጥንቁቅ ፕሮግራመር ብርን በሳንቲም ነው የሚይዘው፣ ነጥብ ያለው ቁጥር ስለሚሳሳት። በሳንቲም ሲሆን ወሰኑ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ላይ ይወርዳል። አሁን ባለው ዋጋ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ይሄን በስንት ጊዜ እንደሚያልፈው እናንተው አስቡት። የዓመት ድምር ድንገት ከዜሮ በታች ሆኖ ካያችሁ ሒሳብ ሠራተኛዋን ከመቆጣታችሁ በፊት ፕሮግራሙን አስፈትሹ።

ብቸኛ መሆኑስ ለምን ጥቅም ዋለ?

ዕጣ የሚመስል ቁጥር ለማውጣት። አንድ ቁጥር ያዙ፣ በ16,807 አባዙት፣ ለ2147483647 አካፍሉና ቀሪውን ውሰዱ። ቀሪውን ደግሞ እንዲሁ አድርጉት። ፓርክ እና ሚለር የተባሉ ባለሙያዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ይሄን ዘዴ እንደ መነሻ መለኪያ አቅርበውታል፣ ብዙ ፕሮግራምም ተጠቅሞበታል። አካፋዩ ብቸኛ ስለሆነና 16,807 በጥንቃቄ ስለተመረጠ ከ1 እስከ 2147483646 ያለውን ቁጥር ሁሉ ሳይደግም ጨርሶ ነው ወደ መነሻው የሚመለሰው። ለጌም ይበቃል። ለይለፍ ቃል ግን እንዳትሞክሩት፣ አንዱን ቁጥር ያየ ሰው ቀጣዩን ያውቀዋል።

ዕድለኛ ቁጥር ነው? ሎተሪ ልቁረጥበት?

አይ።

እኔ ራሴ ብቸኛ መሆኑን በወረቀት ማረጋገጥ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ከኦይለርም ባጠረ መንገድ። ሉካስ የተባለ ፈረንሳዊ ጀምሮት ሌመር የተባለ አሜሪካዊ ያጠራው፣ ለሜርሰን ቁጥሮች የሚሆን ዘዴ አለ። ከ4 ተነሱ። በራሱ አባዙ፣ 2 ቀንሱ፣ ለምትመረምሩት ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ። ይሄን ከ"ጊዜው"፣ ማለትም 2 ከተባዛበት ብዛት፣ በሁለት በሚያንስ ቁጥር ድገሙ። መጨረሻ ላይ ዜሮ ከመጣ ብቸኛ ነው።

በትንሹ 31 ላይ እንሞክረው። 31 ማለት 2 አምስት ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስ ነው፣ ስለዚህ ሦስት ጊዜ መድገም ይበቃል። 4 በራሱ 16፣ ሲቀነስ 14። 14 በራሱ 196፣ ሲቀነስ 194፣ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8። 8 በራሱ 64፣ ሲቀነስ 62፣ ለ31 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ። ተረጋገጠ።

ለ2147483647 ያው ነገር 29 ጊዜ ነው የሚደገመው። ካልኩሌተራችሁ ግን 19 አሃዝ ሳያጠጋጋ መያዝ አለበት፣ የተራ ስልክ ካልኩሌተር መሐል ላይ ያጭበረብራችኋል። በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ከሆነ አራት መስመር ኮድ ይበቃዋል።

በዚህ ዘመን ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ እሱ ነው?

በጭራሽ። በኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው 2 በራሱ 136,279,841 ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው ነው። እሱም የሜርሰን ነው። የኛው 10 አሃዝ ሲሆን የሱ 41,024,320 አሃዝ ነው።